ከወፍጮ ሞተር የተፈታ አንቴና

ባለቤቴ ደጃፋችን ላይ ጭቃ አንሸራቷት እግሯ ተሰብሮ ጀሶ ከታሰረላት ወዲህ፣ የቀራት መደሰቻ ከሰዓት በኋላ በኦሮምኛ የሚተላለፈው ተከታታይ ድራማ ብቻ ነበር። እኔ ደግሞ በሁለተኛው ሳምንት ሬዲዮኑ ላይ ተቀመጥኩበት። አንቴናው ከሥሩ ተቀነጠሰ፤ አውራ ጣት የምታህል ጉማጅ ቀረች።

ሬዲዮ ጠጋኝ ጥራ አለችኝ። ዕድሜዬን ሙሉ ኢተያ ከተማ ወፍጮ ቤት ሞተር ሳስነሳ የኖርኩ ሰው ለአንድ ሽቦ ጠጋኝ አልጠራም አልኳት። ሬዲዮኑን አንስታ እጄ ላይ አስቀመጠችልኝ።

ለማስታወሻ ካስቀመጥኩት የተቃጠለ የወፍጮ ሞተር የመዳብ ሽቦ ፈታሁ። እንደ ወርቅ ያበራል። ረጅም አጣና ተከልኩ፤ ሽቦውን ጫፉ ላይ አስሬ፣ በመስኮት አስገብቼ ጉማጇ ላይ ቋጠርኩት። ሁለት ቀን ፈጀብኝ። የከተማችን የአሴላ ንፋስ የታወቀ ነው፤ አጣናዬ ግን ንቅንቅ አላለም። መንገደኛው ቆሞ አደነቀልኝ። ሬዲዮኑ ብቻ ዝናብ እንደወረደበት ቆርቆሮ ይንሿሿል።

ቋጠሮውን ላጠብቅ ጣቴን ሳሳርፍ ድራማው ጥርት ብሎ መጣ። አላልኩሽም ብዬ እጄን ሳነሳ ጠፋ። ሳሳርፍ መጣ።

«እንግዲህ እንደዚያው ቁም፤ አንቴናው አንተ ነህ» አለች፣ ዓይኗን ከሬዲዮኑ ሳትነቅል።

ቆምኩ። አንድ ሳምንት በየቀኑ ድራማው እስኪያልቅ ቆምኩ። የሥራ ፈት ወሬ ነው እያልኩ የኖርኩ ሰው፣ ያቺ የድራማው አማት ምራቷን ባስለቀሰች ቁጥር እጄን አንስቼ ስረግማት ጣቢያው ይጠፋብን ጀመር።

በሳምንቱ ጎረቤታችን፣ ከሌላ አገር ተመድቦ የመጣው የፊዚክስ መምህር፣ ሊጠይቃት ገብቶ ቆሜ አገኘኝ። ሽቦውን አየት አደረገ።

«አባባ፣ የሞተር ሽቦ እኮ ኤሌክትሪክ የማያሳልፍ ቫርኒሽ የተቀባ ነው። ካልተፋቀ አይሠራም።»

በቢላዋ ጫፉን ፋቅ ፋቅ አድርጎ መልሶ ቋጠረው። ድራማው ያለ እኔ መናገር ጀመረ። አመሰገንኩት፤ ከልቤ ነበር ለማለት ግን ይከብደኛል።

«ተገላገልክ» አለችኝ መምህሩ ሲወጣ። «በል ሂድ ወደ ጉዳይህ።»

ጉዳይ አልነበረኝም። ቋጠሮው ሊላላ ይችላል፣ ለማንኛውም ልጠብቀው ብዬ በርጩማ ሳብኩ። እንደማይላላ እሷም ታውቃለች። ጆሮዬ ደከም ስለሚል፣ ድምፁን ትንሽ ከፍ አደረገችልኝ።