ከኮርኒስ የወረደው ሞተር

ልጅ እያለሁ ክረምት እወድ ነበር፤ አንዱን ክረምት ግን አልወደውም። የብሔራዊ ውትድርና አፈሳ አዋሳን ያመሰበት ጊዜ ነው። ታላቅ ወንድሜ ጴጥሮስ "ገጠር አጎቱ ጋ ሄዷል" ተብሎ የሳሎናችን ኮርኒስ ላይ ተደብቆ ነበር። ከአባቴ፣ ከእናቴና ከእኔ በቀር የሚያውቅ አልነበረም። እናቴ ጠዋት ጸጉሬን ስትሠራኝ "ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፣ ማርታዬ" ትለኝ ነበር።

አባቴ አንጁሎ መካኒክ ነበር። መኪና የሚጠግነው መናኸሪያ አጠገብ ባለው ግቢያችን ውስጥ ነው፤ ግቢው በክረምት ናፍጣና እርጥብ አፈር ይሸታል። አንድ ከሰዓት በኋላ፣ ሰማዩ በሐይቁ በኩል ጠቁሮ ሳለ፣ የመንግሥት ጂፕ ገባ። የወረደው ወጣቶችን ለውትድርና የሚያስመለምለው ኃላፊ ነበር። ጠመንጃ ያነገተ አብዮት ጠባቂም አብሮት ነበር።

የመጣው ግን ወንድሜን ፍለጋ አልነበረም። "የዝናብ መጥረጊያው አልሠራ አለኝ። ሻሸመኔ ስብሰባ አለብኝ፤ ቶሎ በል አንጁሎ" አለና ሳሎን ገብቶ ተቀመጠ፤ ልክ ጴጥሮስ ከተኛበት ሥር።

አባቴ ኮፈኑን ከፍቶ አይቶ ተመለሰና "የመጥረጊያው ሞተር ተቃጥሏል፣ ጓድ። ካልተለወጠ አይሆንም፤ እኔ ደግሞ ሌላ የለኝም" አለ።

አብዮት ጠባቂው ጣልቃ ገባ። "እንዴት የለህም? ያን ጊዜ ለእኛ መኪና ዳይናሞ ከኮርኒስ አውርደህ ሰጥተኸን የለም? እዚያ አይጠፋም፤ እኔ ልውጣ" ብሎ ጥግ የቆመውን መሰላል አነሳ።

የእናቴ ፊት አመድ መሰለ። አባቴ ግን "እንጨቱ በስብሷል፤ ትልቅ ሰው አይችልም። ማርታ ትውጣ" አለ። ድምፁ ደህና ነበር። መሰላሉን ከአብዮት ጠባቂው ተቀብሎ ደግፎ ያዘልኝ።

ወጣሁ። ቆርቆሮው ላይ ዝናቡ ማንጠባጠብ ጀምሯል። በጨለማው ውስጥ መጀመሪያ ያየሁት የወንድሜን ዓይኖች ነው። ሁሉንም ሰምቷል። አንዱን አሮጌ ሞተር በደረቱ እየተሳበ ሲያቀብለኝ እንጨቱ ጮኸ።

"ምንድን ነው እሱ?" አለ ኃላፊው ከታች።

"አይጥ ነው!" ብዬ ጮህኩ። ድምፄ የእኔ አልመሰለኝም።

ሰውዬው ሳቀ። "አይጥ የማትፈራ ሴት ልጅ ዛሬ አየሁ።"

አባቴ የተቃጠለውን ፈትቶ ያወረድኩትን ሲያስር ብሎኑ እየደጋገመ ከእጁ ወደቀ። ኃላፊው አጠገቡ ቆሞ "ምን ሆነሃል ዛሬ?" ሲለው "ብርዱ ነው፣ ጓድ" አለ። በመጨረሻ ቁልፉን ሲያዞረው መጥረጊያው እያቃሰተ ግራና ቀኝ ተወዛወዘ። ጂፑ ከበር እስኪወጣ የተነፈስን አይመስለኝም። ከዚያ እናቴ ዝናቡ ውስጥ ቁጭ ብላ አለቀሰች።

ብዙም ሳይቆይ አባቴ ጴጥሮስን ከከተማ ወጣ ብላ ባለችው ቡሹሎ አንድ ገበሬ ወዳጁ ጋ ወሰደው። ደርግ እስኪወድቅ በቆሎ ሲኮተኩት ኖረ፤ ተረፈ። አብረውት ኳስ የተጫወቱት የሰፈራችን ልጆች ግን ብዙዎቹ እንደወጡ ቀሩ።

ዛሬ እሁድ እሁድ እሱ ቤት እንሰበሰባለን። የልጅ ልጆቹ ሳሎኑን በጩኸት ሲያናውጡት ሚስቱ "ኧረ ዝም በሉ!" ትላቸዋለች። ያኔ አንዲት ሳል ቤት ታፈርስ ነበር። ጴጥሮስ ወደ ኮርኒሱ ቀና ብሎ "ተያቸው፣ ይጩሁ" ይላታል።