ጋሽ አገናኝ የቀየሯት መስመር

ተማሪዎቹ «ጋሽ አገናኝ» ይሏቸዋል። ስሙ የቤት ደላላ ያስመስላቸዋል እንጂ ሥራቸው ሌላ ነው፤ ከኮሌጃችን የሚመረቁ ልጆችን ከማስታወቂያና ከገበያ ጥናት ድርጅቶች ጋር ያገናኛሉ። እኔ ጎረቤታቸው፣ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነኝ። ቢሮአችንን የሚለየው ስስ የኮምፔንሳቶ ግድግዳ ስለሆነ፣ ሲያስነጥሳቸው «ይማርዎ» የምላቸው ከወንበሬ ሳልነሳ ነው።

በወጣትነታቸው እሳቸውም ማስታወቂያ ጸሐፊ ነበሩ። ዘመኑ ተለወጠና ድርጅታቸው በክብር አሰናበታቸው፤ በክብር ማለት ያው ኬክ ተቆርሶ ማለት ነው። ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ ብቻቸውን ይኖራሉ። ሰው የሚያዩት እዚሁ ቢሮ ነው፤ እሱም ልጆቹ ሥራ እስኪይዙ ድረስ። ሥራ የያዘ ልጅ ለሁለት ሳምንት ይደውላል፤ ከዚያ ድምፁ ይጠፋል። «ሥራ በዝቶበት ይሆናል» ይሉኛል። እኔ ደግሞ አፌ አያርፍምና አንድ ቀን «ረስቶዎት ነው እንጂ!» አልኳቸው። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ዘንድሮ አንዲት ዝምተኛ ተማሪ መጣች። ጓደኞቿ ሁሉ ሥራ ሲይዙ እሷ ብቻ ቀርታለች። ሦስት ድርጅቶች መልሰዋታል። አራተኛውም እንቢ ካላት አጎቷ ሱቅ ገብታ ሚስማር ስትመዝን ልትውል ነው። የሥራ ናሙናዋን ሁለቱ ሆነው ሲያዘጋጁ ሦስት ሳምንት ሙሉ ሰማኋቸው። ጋሽ አገናኝ እንደዚያ ሲስቁ ሰምቼ አላውቅም።

ከናሙናዎቹ አንዱ የጫማ ጠጋኝ ማስታወቂያ ነበር። እሷ የጻፈችው «ጫማዎ ገና አላለቀም» ይላል፤ በቃ። ጋሽ አገናኝ እርሳስ አነሱ።

«እስቲ ትንሽ እናሳምራት» አሉና፣ «ጫማዎ የሄዱበትን ያውቃል፤ እኛ ደግሞ ጫማዎን እናውቃለን» ብለው ቀየሩት። ጮክ ብለው ሦስት ጊዜ አነበቡት። ልጅቷ «በጣም ያምራል ጋሼ» አለች። ለአራተኛው ድርጅት እንደዚያው ተላከ።

ሐሙስ ረፋድ ላይ ስልክ ተደወለ። የኮሪደሩ ብቸኛ ስልክ ያለው እኔ ጠረጴዛ ላይ ነው፤ ጠርቻቸው መጡ። የደወለው የድርጅቱ የፈጠራ ክፍል ኃላፊ ነው፤ ከብዙ ዓመት በፊት እሱንም ሥራ ያስያዙት ጋሽ አገናኝ ናቸው።

«አንተ ልጅ! ጠፋህ እኮ!» አሉ ደስ ብሏቸው።

ስልኩ አሮጌ ስለሆነ የልጁ ድምፅ እኔም ጋ ይደርሳል። «ጋሼ፣ የጫማውን መስመር ማን ነው የጻፈው?»

ጋሽ አገናኝ እጀታውን ወደ ሌላው ጆሯቸው አዛወሩ።

«‹ያውቃል፤ እኛ ደግሞ እናውቃለን›... ይሄን አካሄድ እኮ ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት። የራሷ የሆነ ነገር ከሌላት አልወስዳትም። እውነቱን ይንገሩኝ።»

ኩምሽሽ አሉ። እኔም መዝገብ የማገላብጥ መሰልኩ።

«እኔ ነኝ» አሉ በመጨረሻ። «የሷ ‹ጫማዎ ገና አላለቀም› ነበር።»

«ይሄንን እኮ ነው የምፈልገው! ለምን ቀየሩባት?»

«መጻፍ ናፍቆኝ ነው ልጄ። ይጻፉ የሚለኝ ሰው ከጠፋ ቆየ።»

ልጁ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ሰኞ ትጀምር» አለ። ሊዘጋ ሲል ደግሞ «እደውልልዎታለሁ» ብሎ ጨመረ። እሳቸውም «እሺ» አሉ። እንደማይደውል እሳቸውም እኔም አውቀናል።

ልጅቷን አስጠርተው እዚያው እኔ ቢሮ ነገሯት። በደስታ ዘለለች። እስክትረጋጋ ጠበቁና፣ የተወደደላት የራሷ መስመር መሆኑን፣ በእሳቸው ምክንያት ሥራው ከእጇ ሊወጣ እንደነበር አንድም ሳይደብቁ ነገሯት። ይቅርታም ጠየቋት።

«እኔም የምወደው የራሴን ነበር» አለች ቀስ ብላ።

«ታዲያ ምነው ያን ጊዜ ዝም አልሽ?»



«እንደዚያ ደስ ብሎዎት አይቼዎት አላውቅማ፣ ጋሼ። እንዴት ብዬ ልንገርዎት?»