ለእትዬ የሺ የጻፍኩት ሌላ ሥዕል

ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። የነፍስ አባቴ ፊት ስንት ጊዜ ተንበርክኬ ትንንሹን ኃጢአት ስዘረግፍ፣ ይህችን ብቻ ምላሴ ሥር አስቀርቻታለሁ። አንባቢዬ ሆይ፣ ዛሬ አንተ ስማኝ።

የመርሳ ሰው ነኝ፤ የሱቅ ማስታወቂያ እየጻፍኩ እኖራለሁ። ሥራ ሲቀዘቅዝ ስለ አንድ የሚኒባስ ሹፌር የሥዕል ታሪክ እየሣልኩ ፌስቡክ ላይ እለጥፍ ነበር። ሹፌሩ የአክስቴ ልጅ አበባው ነው፤ ቢጫ ኮፍያውን ያየ ሁሉ ያውቀዋል። እህቱ እትዬ የሺ ግን ዓይነ ስውር ናት። ስልኳ የተጻፈውን ጮክ ብሎ ያነብላታል፤ የእኔ ገጽ ላይ ሲደርስ «ሥዕል» ብሎ ዝም ይላል።

«በወንድሜ ታሪክ አገሩ ሁሉ ሲስቅ እኔ ብቻ ልቅር?» አለችኝ።

ከዚያ ወዲህ ከየሥዕሉ ጋር የሚሄደውን፣ በዓይን የማይታየውን፣ የእሷ ዓይነት ስልክ ብቻ የሚያነበውን መግለጫ መጻፍ ጀመርኩ። ስልኳ ያነብላታል፣ እሷም ብቻዋን ትስቃለች። ያን ሳቅ ስሰማ ደስታዬ ወሰን አልነበረውም።

ጦርነቱ ዳግመኛ መጥቶ ሰው ከወልድያ ሲሸሽ፣ አበባው ተፈናቃይ እየጫነ ወደ መርሳ ሲመላለስ መንገድ ላይ ከባድ መሣሪያ ገደለው። እዚያው ቀበሩት። ሐዘኑ አላስቀምጥ ቢለኝ ሣልኩት፤ የተገለበጠ ሚኒባስ፣ አስፋልት ላይ የወደቀ ቢጫ ኮፍያ። ያየው ሁሉ አለቀሰ። ለእትዬ የሺ የጻፍኩት መግለጫ ግን «አበባው ሚኒባሱን ዛፍ ጥላ ሥር አቁሞ ሻይ እየጠጣ ነው» ይላል።

ለምን? በእኛ አገር መርዶ በስልክ አይነገርም። ጎህ ሲቀድ ሽማግሌዎች በር ያንኳኳሉ፣ ዘመድ ይሰበሰባል፣ ሐዘንተኛውን ደግፎ የሚይዝ አይጠፋም። እነሱ እስኪመጡ ነው ብዬ ነበር። ሽማግሌዎቹ ግን ተበትነዋል። የቀሩት ጎረቤቶች ሥዕሉን አይተዋል፤ ታሪኩን በስልኳ እንደምትከታተልም ያውቃሉ። ስለዚህ ሰምታለች ብለው ተቀመጡ። በየቤቱ ለቅሶ ነበረና ለብቻዋ ድንኳን የሚተክልላት አልነበረም፤ ዝምታዋንም ጥንካሬ አሉት። አለመስማቷን የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። እያወቅሁ ዝም አልኩ። የወንድሟን ጋቢ አጥባ ስታሰጣ፣ «ሲመጣ ይለብሰዋል» ስትል እየሰማሁ ዝም አልኩ። ይህ ርኅራኄ ነው? አይደለም፤ ፍርሃት ነው።

መርዶውን የነገረቻት በአቅራቢያችን ባለችው የግራና ከተማ ገበያ ላይ ያገኘቻት አንዲት ሴት ናት። «እግዜር ያጥናሽ እቴ፣ ለወንድምሽ አርባ ሳልደርስ ቀረሁ» ብላ ተጠመጠመችባት። አርባው አልፏል፤ እህቱ አላወቀችም።

ሰው ደግፏት እኔ ዘንድ መጣች። ፊቷ ላይ እንባ አልነበረም።

«ስልኬ ሻይ እየጠጣ ነው አለኝ እኮ። አንተ ምን ብለህ ነበር የጻፍከው?»

ያኔ እግሯ ላይ መውደቅ ነበረብኝ። እኔ ግን ምን አልኩ? «እውነቱን ነው የጻፍኩት እትዬ፣ ስልኩ ነው የተሳሳተው» አልኳት። እሷ ሳትርቅ፣ ከመጀመሪያውም እውነቱን የጻፍኩ እንዲመስል መግለጫውን አስተካከልኩት። የመጀመሪያውን ውሸት ሐዘን አሳስቶኝ ነው ልበል። ሁለተኛውንስ? ሁለተኛውን የዋሸሁት ለራሴ ነው።

አመነችኝ። ስልኩን በጨርቅ ጠቅልላ ሣጥን ውስጥ ከተተችው፤ ከዚያ ወዲህ ምንም አላነበበችም። ወልድያ ያሉ ዓይነ ስውር ጓደኞቿንም «ይኼን ዕቃ አትመኑት» ብላ አስጠነቀቀች። ዓይኗ እሱ ነበር። ያጠፋሁት እኔ ነኝ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ፤ የእኔን ያጠራው ማንም የለም፣ እነሆ እኔው ላጥራው።

ምሕረት ይገባኛል አልልም። ከደጇ የሚያልፍ ሰው ካለ ግን ሣጥኑን ያስከፍትልኝ።

እትዬ የሺ፣ ይህ ጽሑፍ ሥዕል የለውም፤ ስልክሽ ከጫፍ እስከ ጫፍ ያነብልሻል። እሱ አንድም ቀን አልዋሸሽም፤ የሰጠሁትን ነው ያነበበልሽ። የዋሸሁሽ እኔ ነኝ።