ሎሚ የነካው እንጉዳይ

አትክልት ተራ ውስጥ የእንጉዳይ ገዢ ጥቂት ነበር፤ ከፒያሳ ሆቴል ቤቶች ሌላ ያገሬው ሰው በጥርጣሬ አይቶት ያልፋል። ስለዚህ አንዲት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ማክሰኞ ማክሰኞ መደቤ ድረስ እየመጣች ስትወስድ ገርሞኝ ማን እንደሚበላላት ጠየቅኋት። ማንም አይበላውም አለች። አድርቃ፣ ፈጭታ፣ በአልኮል ዘፍዝፋ የሚወጣውን ጭማቂ ባክቴሪያና ሻጋታ ባሳደገችበት ሳህን ላይ ጠብ ታደርገዋለች። ጀርሙን ከገደለው ዙሪያው ጥርት ያለ ቀለበት ይሠራል። መመረቂያ ጽሑፏ የቆመው በዚያ ቀለበት ላይ ነበር።

አንድ ማክሰኞ ፊቷ በርቶ መጣች። ሳህኑ ሁሉ ቀለበት በቀለበት ሆኗል፤ ከሁለት ሳምንት በኋላ መምህራኗ ፊት ልታቀርበው ነው። እንኳን ደስ አለሽ አልኩ፤ ዓይኔ ግን ወደ ሎሚው ቅርጫት ሄደ።

እንጉዳይ ቶሎ ይጠቁራል፤ የጠቆረውን ደግሞ ሆቴሎቹ አይነኩትም። ስለዚህ ጠዋት ጠዋት በሎሚ እያሸሁ ነበር ነጭ አድርጌ የማቆየው። ሎሚ ጀርም እንደሚገድል ለማወቅ ደግሞ ዩኒቨርሲቲ መግባት አያስፈልግም፤ ጉሮሮውን የታመመ ሁሉ ያውቀዋል።

ሳምንቱን ሙሉ መቀመጥ አቃተኝ። ያለ ጉዳይ እስከ ምኒልክ አደባባይ እሄዳለሁ፣ እመለሳለሁ። ቲማቲም ሚዛን ላይ አስቀምጬ ለማን እንደምመዝን እረሳለሁ። ዘመኑ ነጋዴ በትንሽ በትልቁ አሻጥረኛ የሚባልበት ነው፤ ወሬው ቀበሌ ቢደርስ የሚጠብቀኝን አውቃለሁ። ዝም ብል ደግሞ ልጅቷ ስለ ሎሚ እየመሰከረች እንጉዳይ ነው ልትል ነው። አንዱ መምህር ሙከራውን ቢደግመው ውሸታም የምትባለው እሷ ናት።

ስትመጣ ከጎመን ጆንያዎቹ ጀርባ ጠርቼ ነገርኳት።

«ሁልጊዜ ነው የሚያሹት፣ ጋሼ?»

«ሁልጊዜ።»

«የመጀመሪያውንም?»

«የመጀመሪያውንማ አብዝቼ ነበር፤ ጥሩ ደንበኛ ትሆኛለሽ ብዬ።»

ጆንያው ላይ ተቀመጠች። የምታለቅስ መስሎኝ ነበር፤ እሷ ግን ተነሣችና ዕለቱን የገባ፣ አፈሩ እንኳ ያልተራገፈ እንጉዳይ ጠየቀችኝ። ሎሚም ለብቻው ወሰደች፤ የየራሳቸውን ቀለበት ልታይ። የማቅረቢያውንም ቀን አስገፋች።

ሁለት ማክሰኞ ሳትመጣ አለፈ። እያንዳንዱ ካኪ የለበሰ ሰው ከቀበሌ ወደኔ የሚመጣ እየመሰለኝ ሰነበትኩ። በሦስተኛው መጥታ ውጤቱን በመጠቅለያ ወረቀት ላይ ሣለችልኝ። የሎሚው ቀለበት ሰፊ ነው። እንጉዳዩ ሻጋታውን ምንም አላደረገውም፤ አንዱ ባክቴሪያ ላይ ግን የሸሚዝ ቁልፍ የምታህል ቀለበት አለች።

«ትንሽ ናት» አልኩ።

«የእንጉዳዩ ናት» አለች።

ያቺኑ ቀለበት ይዛ መምህራኗ ፊት ቀረበች፤ አለፈችም። እስክትጨርስ ድረስ የእሷን እንጉዳይ ከነአፈሩ ለብቻ አስቀምጥላት ነበር። የሆቴሎቹን ማሸቴን ግን አልተውኩም፤ እነሱ ቀለበት አይቆጥሩም።