የእትዬ የዝና ገመድ

ደብረ ታቦር ጤና ጣቢያ ልብስ አጣቢ ሆኜ የተቀጠርሁ ለት፣ የእጥበት ቤቱ ኃላፊ እትዬ የዝና ስሜን እንኳ ሳይጠይቁ ደም የነካው አንሶላ ሰጡኝ። በፈላ ውኃ ልነክረው ስል እጄን ያዙኝ።

«ደም በሙቅ ከተነከረ ይበስላል፤ አይለቅም። መጀመሪያ በቀዝቃዛ! ማን አሳደገሽ አንቺ?»

«እናቴ ናት፣ እትዬ።»

«እንግዲያ እናትሽ አንሶላ አልነበራትም።»

አብረውን የሚያጥቡት ሴቶች ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፤ እውነት ነበርና።

ሥራው እንዲህ ነው። የማዋለጃው ልብስ ለብቻ፣ የሌላው በሽተኛ ለብቻ ይታጠባል። የተስቦ በሽተኛ ልብስ ግን ጓሮ ባለው በርሜል ይቀቀላል፤ ቅማሉ ካልሞተ በሽታው ወደ እኛ ይዞራል። በበርሜሉ ዙሪያ ገመድ ተወጥሯል። ከገመዱ ወዲያ የዘለቀ ሰው የለበሰውን አውልቆ ሳያስቀቅል አይወጣም። አንድ ቀን በሽተኛ የሚያክሙት ዋናው ድሬሰር ዘንግተው ገቡና፣ ሱሪያቸው እስኪደርቅ በብርድ ልብስ ተጠቅልለው ፀሐይ ሲሞቁ ዋሉ።

እትዬ የዝናን ደግ የሚላቸው አልነበረም። እኛ አገር ደግ የሚባለው እጁ የሚፈታ ነው፤ ሲቆርስ የማይሰስት። እሳቸው ቁራጭ ሳሙና ለቤታችን አይሰጡም። እኔም ለጎረቤቶቼ «ክፉ አይደሉም፤ ደግም አይደሉም» እል ነበር።

የአፈሳው ወራት መጣ። ወጣት ከገበያም ከቤተ ክርስቲያን በርም እየተያዘ ወደ ጦር ግንባር ይሄዳል። የልጄ የሞላ ጢሙ ገና አልወጣም። ውሻ በጮኸ ቁጥር ተነሥቼ በሩን እቀረቅር ነበር።

አንድ ረፋድ ሞላ እየሮጠ እጥበት ቤቱ ገባ። «እማ፣ እየመጡ ነው!» አለ። ከአንሶላው ክምር ሥር ልደብቀው ጎተትሁት። እትዬ የዝና ግን የማማሰያውን እንጨት አስጨበጡትና «ከገመዱ ወዲያ ግባ፤ አማስል» አሉት።

ሁለት የቀበሌ ጠባቂዎች ጠመንጃ አንግተው ደረሱ።

«እማማ፣ አንድ ልጅ ገብቷል?»

«ገብቷል። ያውና፣ የተስቦ ልብስ እየቀቀለ ነው።»

ሸጡኝ አልሁ በልቤ።

«ይጥሩት!»

«አልጠራም። ልብሱ ሳይቀቀል ከዚያ አይወጣም። ከፈለጋችሁ ግቡ፤ ስትወጡ ግን ሱሪያችሁ የኔ ነው። ለድሬሰሩም አልራራሁ።»

ታናሽየው በርሜሉን አየ፤ አዲሱን ካፖርቱን አየ። «እኔስ በጥይት ልሙት እንጂ በቅማል አልሞትም» ብሎ ወደ ኋላ አለ። ሌላው «ነገ ቀበሌ እንገናኛለን፣ እማማ!» ብሎ ዛተና ተከተለው።

ጉልበታቸውን ልስም ወደቅሁ።

«ተነሽ፤ እሳቱ እየከሰመ ነው» አሉኝ።

ሞላንም አልማሩትም። ልብሱን አውልቆ አስቀቀለ፤ እስኪደርቅ ተጠቅልሎ ቆየ። ከዚያ በጋፋት በኩል አድርጎ ጉና፣ አጎቱ ዘንድ ወጣ።

በማግሥቱ እትዬ የዝናን ቀበሌ ጠሯቸው። እኛ ልብስ እያሸን ዓይናችን በሩ ላይ ዋለ። ከሰዓት በኋላ ተመልሰው ነጠላቸውን ሰቀሉ።

«ምን አሉዎት፣ እትዬ?»

«ሸሸግሽ አሉኝ። የሸሸገ ሰው ‹ያውና› ይላል ወይ አልኋቸው።»

ሴቶቹ ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም። ሳሙናው ሁለት ሦስቴ ከእጃቸው ሲወድቅ አይቻለሁ።

ሞላ ዛሬ ጉና ላይ ገብስ ያርሳል። እኔ ደግ ማለት የሚሰጥ ሰው ብቻ ይመስለኝ ነበር። እየፈራ ለሰው የሚቆምም ደግ ነው።