ያልቀመስነው የተርኪ እግር

ሥራ በጀመርኩበት ዕለት የተቆጡኝ ክዳን በመክፈቴ ነው። ካዛንቺስ፣ ከዋናው መንገድ ትንሽ ገባ ብላ፣ አሥራ ስምንት ክፍል ያላት ሆቴል ነበረች። እኔ ጸዳለ፣ የሦስት ወር ሙከራ ተብዬ በረዳት ወጥ ቤትነት ገባሁ። ዋናዋ ወጥ ቤት ዘይነባ ነበረች፤ የወሎ ሴት፣ ቀጭን፣ ድምፅዋ ግን እስከ እንግዳ መቀበያው የሚሰማ። በዕድሜ ስለምትበልጠኝ እትዬ አልኳት።

የኪችኑ ጥግ ላይ አንዲት ሞላላ የኤሌክትሪክ ድስት ተጥዳለች፤ ክዳኗ መስታወት ነው። ስሎው ኩከር፣ ቀስ ብላ የምታበስል፣ ይሏታል። ብዙ ወር እኛ ጋ ያረፈች አሜሪካዊት አገሯ ስትገባ ትታልን የሄደችው ናት። በቀጥታ በኛ መብራት ብትሰካ ትቃጠላለች፤ ስለዚህ አጠገቧ ከብሎኬት የሚከብድ ትራንስፎርመር ተቀምጧል። ዘይነባ «ታጋሿ» የሚል ስም አውጥታላታለች።

ዕለቱ የፈረንጆች ገና ነበር። ታጋሿ ውስጥ ስድስት የተርኪ እግር ተጋድሟል። ተርኪ ያ አንገቱ ቀይ፣ ግዙፉ የፈረንጅ ወፍ ነው፤ የአንዱ እግር ብቻ የኛን ዶሮ ግማሽ ያህላል። ዘይነባ «ጠብቂያት» ብላኝ ወደ ሌላ ሥራዋ ዞረች።

እኔ ደግሞ ወጥ ካልተማሰለ ያርራል ተብዬ ያደግኩ ሴት ነኝ። ድስቷን ባዳምጣት ድምፅ የላት፣ አትንተከተክ፣ አትፈላ። ኧረ ይቺ ሞታለች አልኩ። ክዳኑን ከፈትኩ፣ አማሰልኩ፣ አንድ ጭልፋ ሙቅ ውሃ ጨመርኩ። ትንሽ ቆይቼ ደገምኩ። እንግዶቹ ሊቀመጡ አንድ ሰዓት ሲቀረው አራት ጊዜ ከፍቻት ነበር።

ዘይነባ መጥታ አጥንቱን በጨርቅ ይዛ ልታዞረው ሞከረች። ንቅንቅ አላለም።

«ማነው የከፈታት?»

«እኔ ነኝ እትዬ። እንዳያር ብዬ ነው።»

«እንዳያር? ታጋሿ መቼ አሳርራ ታውቃለች! አንዴ በከፈትሽ ቁጥር የግማሽ ሰዓት ሙቀት ደፋሽ ማለት ነው። ስንት ጊዜ?»

«አራት።»

«ያረብ! ሁለት ሰዓት ደፋሽልኝ!»

በዚህ መሃል የሆቴሏ ባለቤት ጋሽ ተፈራ ብቅ አሉ። ምሳው ለምን እንደዘገየ ጠየቁ። የዚያን ዕለት ብባረር ሁለት ልጅ ይዤ የምገባበት አልነበረኝም።

ዘይነባ ዓይኗን ሳታሽ «ጋሼ፣ መብራት ሄዶ ነው» አለች።

«መብራት? እኔ ቢሮ ቁጭ ብዬ ቴሌቪዥን እያየሁ አልነበር እንዴ?»

«የእርስዎ አልሄደም። የኛ ፌዝ ነው የሄደው።»

በካዛንቺስ ከመብራቱ መስመር አንዱ፣ ፌዝ የሚሉት፣ ሄዶ ሌላው መቅረቱ ያለ ነው። ጋሽ ተፈራ ራሳቸውን ነቅንቀው ወጡ። ዘይነባ ወደኔ ዞራ «አብሽሪ» አለችኝ። «ሁለተኛ ክዳን ከነካሽ ግን እኔው ራሴ አባርርሻለሁ።» ከዚያን ቀን ወዲህ ሃያ አንድ ዓመት አብረን ሠራን። እትዬ ማለቱ ቀርቶ ዘይኑ ሆነች፣ እኔም ጸዱ ሆንኩላት።

አሠራሩን አስተማረችኝ። እግሩ በሎሚ ይታጠባል፣ በጨርቅ ይደርቃል። ቆዳው ሥር የገበታ ቅቤና የተወቀጠ ነጭ ሽንኩርት ይገባል። ከድስቷ ግርጌ ሽንኩርት በወፍራሙ ተቆርጦ ይነጠፋል፤ የጥብስ ቅጠል ሁለት ዘለላ፣ ውሃ አንድ ሲኒ፣ በቃ። ማለዳ አሥራ ሁለት ሰዓት በዝቅተኛው ሙቀት ይጣዳል፣ ስምንት ሰዓት ይወጣል። የተርኪ እግር ጅማት ይበዛዋል፤ ከተጣደፉበት ገመድ ነው፣ ከታገሡት ጅማቱ ራሱ ቀልጦ መረቅ ይሆናል። አጥንቱ እንደ ወተት ጥርስ ነቅነቅ ሲል በስሏል። መጨረሻ ላይ ቆዳው እንዲቀላ አሥር ደቂቃ ኦቨን ውስጥ ይገባል።

ስማችን ወጣ። በየዓመቱ ለፈረንጅ ገና ከኦሎምፒያ ቢሮዎች ሳይቀር እየመጡ ይበሉ ነበር። እኛ ግን አንድ ቀን እንኳ አልቀመስነውም።

ይህን ለሰው ስናገር አያምነኝም። የፈረንጅ ገና ሁልጊዜ የሚውለው በኛ በኦርቶዶክሶቹ የገና ጾም ውስጥ ነው። እኔ ጾመኛ ነኝ፤ ጋሽ ተፈራም ጾመኛ፤ አስተናጋጁ በላይማ ዲያቆን ነበር፣ ሳህኑን የሚያነሳው ሽታውን እንኳ እየሸሸ ነው። ዘይነባ ይህን ጾም አትጾምም፤ ግን በረዶ ሆኖ የመጣ ሥጋ ማን እንዳረደው ሳታውቅ አፏ አታስገባም። የሚተርፍ እንዳንል ደግሞ እንግዶቹ አጥንቱን ግጠው ነበር የሚመልሱት። በዓመት አንዴ የሚመጣ ሥጋ በአፍንጫና በጣት ብቻ ሠራን።

ያስቸገረን ጨው ነበር። አሜሪካዊቷ የተወችው ወረቀት ለስድስት እግር ሁለት ማንኪያ ይላል። ዘይነባ አንዱን ብቻ ትጨምርና «ካነሰ እንግዳው ይጨምራል፤ ከበዛ ግን ማን ይቀንሳል?» ትላለች። እኔም እውነቷን ነው እላለሁ። በላይ አንዳንዴ ባዶ የጨው ዕቃ ተሸክሞ ይመጣና «ሙሉልኝ፣ ዘንድሮም ጨረሱት» ይላል። ዘይነባም «ፈረንጅ ጨው ይወዳል» ብላ ትሞላለታለች።

ከዚያ ሰፈሩ ለልማት ተነሣ። ሆቴሏም ልትፈርስ ሆነ። ጋሽ ተፈራ «የምትፈልጉትን ዕቃ ውሰዱ» አሉን። እኔ ታጋሿን አንቺ ውሰጂ አልኳት፣ እሷ አንቺ ውሰጂ አለችኝ፤ ስንገፋፋ ቆየንና ዘይነባ ትራንስፎርመሩን አንሥታ ታቀፈችው።

«ድስቷ አንቺ ጋ፣ ይሄ እኔ ጋ» አለች። «ብቻሽን እንዳትሠሪባት ነው።»

ስቀን ተለያየን። እሷ ከባለቤቷ ከጋሽ ሰይድ ጋር ከከተማው ዳር ወዳለ ኮንዶሚኒየም ሄደች፤ እኔ መስቀል ፍላወር ልጄ ቤት ገባሁ። ታጋሿ የልጄ ቁም ሣጥን ላይ ሁለት ዓመት አቧራ ጠጣች። በካዛንቺስ በኩል ታክሲ ሲያሳልፈኝ አንገቴን አስግጌ የኪችኑን መስኮት እፈልጋለሁ። አሁን ሰፊ መንገድና ዛፍ ነው፣ ያምራል። መስኮቱ የት ጋ እንደነበር ግን መለየት አቃተኝ። ዘይነባ ናፈቀችኝ። ቁጣዋ ሳይቀር ናፈቀኝ።

ባለፈው ጥር ደወልኩላት። «ዘይኑ፣ ያንን ነገር ሳንቀምሰው ልንሞት ነው?» አልኳት። «ሕያው ተርኪ ካገኘሽ ሰይድ ያርደዋል» አለችኝ።

አንድ እርባታ ቤት አስፈልጌ አገኘሁ። ጋሽ ሰይድ ራሳቸው ሄደው አመጡት። ቅዳሜ ማለዳ እኔ ታጋሿን ጭኔ ላይ አስቀምጬ ሁለት ታክሲ ይዤ ደረስኩ። ዘይነባ ፀጉሯ ሸብቷል፣ ጉልበቷም አስቸግሯታል። ድስቷን ተቀብላ ሰባት ጊዜ አጠበቻት፤ ስንት የማይታወቅ ሥጋ ያለፈባት ናት። እግሮቹን እንደ ድሮው አዘጋጅተን፣ ጨውንም እንደ ድሮው በስስት በትነን ጣድን። ስምንት ሰዓት ሙሉ ሶፋ ላይ ተቀምጠን ታጋሿን እያየን አወራን። ማንም ክዳን አልነካም።

አጥንቱ ነቅነቅ አለ። ዘይነባ ለራሷና ለጋሽ ሰይድ አወጣች። በእነሱ እጅ የታረደ ነው፤ እኔ ደግሞ ያደግኩበት ወግ አለኝ፤ ያን እያወቅኩ የመጣሁት ከሁለታችን አንዷ እንኳ ትቅመሰው ብዬ ነው። እሷም አውቃ ለብቻ በሌላ ድስት ሽሮ ሠርታልኛለች። ምራቄን ዋጥኩ። እውነቱን ልናገር፣ በሕይወቴ እንደዚያን ቀን መቅመስ አምሮኝ አያውቅም።

ዘይነባ አንድ ጉርሻ ወሰደች። አላመጠች። ዓይኗን ጨፈነች።

«እህ? ንገሪኝ እንጂ! ይለሰልሳል?»

«ይለሰልሳል። ጥርስ አይፈልግም፣ ወላሂ።»

«እና ምነው ፊትሽ?»

ዘይነባ ስትዋሽ አትምልም፣ ስትምል አትዋሽም። ዓይኗን ገለጠችና ቀስ ብላ «ጸዱዬ» አለችኝ፤ «ወላሂ ጨው የለውም።»

ጋሽ ሰይድ አንገታቸውን ደፍተው «አልጫ ነው» አሉ።

በላይ ተሸክሞት የሚመጣው ባዶ የጨው ዕቃ በሁለታችንም ዓይን ላይ እኩል መጣ መሰለኝ፣ እሷ ፊቷን በሻሿ ሸፈነች፣ እኔ ሆዴን ይዤ ሳቅሁ። ሳቁ ሳያልቅ አለቀስኩ። ኪችኑ ቢኖር በማግስቱ ገብቼ አንድ ማንኪያ እጨምር ነበር። ኪችኑ ግን የለም።

ታጋሿን እዚያው ትራንስፎርመሩ አጠገብ ትቻት መጣሁ።

ለወጣት ወጥ ቤቶች የምለው ይኼ ነው፦ የተርኪ እግር ስምንት ሰዓት ይፈልጋል፤ ክዳን አትክፈቱ። ራሳችሁ የማትቀምሱት ከሆነ የሚቀምስ ሰው ፈልጉ። የጨው ዕቃው ባዶ ሆኖ ሲመለስም ከመሙላታችሁ በፊት ጠይቁ።