የወንድሜ የጎልፍ መኪና

ትናንት ማታ ካምደን፣ ከቢሮ ወጥቼ ወደ ባቡር ጣቢያው ስሄድ፣ መንገድ የሚያጸዱት ሰዎች የሚጠቀሙባት ትንሽ የኤሌክትሪክ መኪና በአጠገቤ አለፈች። እንደ ሌላ መኪና አታጓራም፤ እንደ ትንኝ ቀጭን ድምፅ ነው ያላት፤ ስትፈጥን ከፍ፣ ስትዘገይ ዝቅ የሚል። ዝናቡ ገና ማባራቱ ነበርና እርጥቡ አስፋልት ይሸታል። እግሬ እዚያው ቆመ። ከኋላዬ የመጣ ሰው ገጨኝና «ሶሪ» ብሎ አለፈኝ። እኔ ግን ካምደን አልነበርኩም፤ ያደግሁበት ሰፈር ኬኒንግተን ነበርኩ፣ ልጅ ነበርኩ፣ ወንድሜም በሕይወት ነበር።

ስለ እሱ ነግሬሽ አላውቅም መሰለኝ። ታናሼ ነበር። ሲሮጥ አስታውሰዋለሁ፤ የፎቃችንን ረጅም ኮሪደር በካልሲ እየተንሸራተተ ከዳር እስከ ዳር ሲሮጥ፣ እናቴም «ሰው ተኝቷል!» እያለች ስትጮህበት። ከዚያ መውደቅ ጀመረ። ደረጃ ሲወጣ ጉልበቱን በእጁ መግፋት አመጣ። ሐኪሞቹ ጡንቻን ቀስ በቀስ የሚያከስም፣ መድኃኒት ያልተገኘለት በሽታ መሆኑን ነገሩን። አስር ዓመት ሲሞላው እግሩ ጭራሽ አልሸከመው አለ፤ ዊልቸር ላይ ዋለ። ከትምህርት ቤት ሲመለስ መስኮት ሥር እናስቀምጠዋለን፤ ከታች ግቢው ውስጥ ኳስ የሚጫወቱትን ልጆች ሲያይ ይመሻል።

አባቴ ፓርክ ሮያል በሚባል ሰፈር፣ አንድ መጋዘን ውስጥ ፎርክሊፍት፣ ያን ዕቃ የሚያነሳ መኪና፣ ይጠግን ነበር። ማታ ሲገባ የግሪስና የባትሪ አሲድ ሽታ ከእሱ ቀድሞ ይገባል። ከመጋዘኑ ጎን ለሠርግና ለድግስ የጎልፍ መኪና፣ እነዚያን የጎልፍ ተጫዋቾች ሜዳው ላይ የሚዘዋወሩባቸውን ትንንሽ የኤሌክትሪክ መኪኖች፣ የሚያከራይ ድርጅት ነበር፤ ሊዘጋ ሲል አንዲቱን አሮጌ መኪና ሊጥሏት ሲሉ አባቴ አየና ጠየቃቸው፤ «ውሰዳት» አሉት። የሥራ ባልደረባው በጭነት መኪናው ጭኖ ቅዳሜ ከሰዓት አመጣለት። ነጭ ነበረች፤ ነጩ ወደ ቢጫ ሄዷል፤ ወንበሯ ተቀዶ ስፖንጁ ወጥቷል። እናቴ በረንዳ ላይ ሆና ቁልቁል አየችና፣

«ይቺ ደግሞ ምንድን ናት?» አለች።

«የልጄ መኪና ናት» አላት አባቴ።

ከዚያ በኋላ ከሥራ መልስ እራት ሳይበላ ነው ከፎቁ ሥር ወዳለው ጋራዥ የሚወርደው። በእግር የሚረገጠውን መርገጫ አውጥቶ መሪው ላይ በእጅ የሚጫን ዘንግ ገጠመላት፤ ፍሬኑንም እንደዚሁ። ሰው ከሚራመደው በላይ እንዳትፈጥን አድርጎ አሰራት። ወንድሜ አጠገቡ ባትሪ እያበራለት፣ «አባዬ፣ ይሄኛው ሽቦ የት ነው የሚሄደው?» እያለ ይጠይቀዋል። እናቴ ግን አንድ ቀንም አልወረደችም። «ልቤ አይችልም። ልጄን በእግሩ ወድቆ አይቼዋለሁ፤ በመኪና ደግሞ አላይም» ትል ነበር።

መጀመሪያ የነዳት እሑድ ነው፣ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ፣ በሞቃቱ ወቅት፣ ሰመር ላይ። አባቴ አቅፎ ወንበሩ ላይ አስቀመጠው፤ በቀበቶ አሰረው። ያቺ ቀጭን ድምፅ ተነሳች። አባቴ ደንግጦ መሪውን ሲይዝበት ወንድሜ፣ «እጅህን አንሳ፣ አይ ጋት ኢት፣ ይዤዋለሁ» አለው። አነሳ። መኪናዋ በግቢው መንገድ ላይ ሄደች። የወንድሜን ፊት እንዴት ልንገርሽ? አልሳቀም። አልጮኸም። ግንባሩን ቋጥሮ ወደፊት ብቻ ነበር የሚያየው፤ ሥራ እንዳለበት ትልቅ ሰው።

በሳምንቱ ልጆቹ ተሰለፉ። እነዚያ ከመስኮት የሚያያቸው ልጆች፣ ስሙን እንኳ በቅጡ የማያውቁት፣ አሁን «ድራይቨር!» እያሉ ይጠሩታል። አንድ አንዱን ጭኖ እስከ ዋናው መንገድ አፍ ይወስድና ይመልሳል። «ቤልት!» ይላል ኮስተር ብሎ፤ ቀበቶ ያላሰረ አይሳፈርም። ማታ መኝታው ላይ ማን ምን እንዳለው ሲነግረኝ እንቅልፍ ይወስደኛል፤ እሱ ግን አይተኛም ነበር።

ያ ሁሉ የአንድ ሰመር እኩሌታ እንኳ አልሞላም።

ከእኛ በታች፣ ምድር ቤት፣ አንድ ጃማይካዊት ሴትዮ ነበሩ፤ ልጆች ሁላችን አንቲ፣ አክስት እንደማለት፣ ነው የምንላቸው። በዚያ ዘመን ከጉልበት የማትበልጥ ሚኒ ሞተር ብስክሌት የሚነዱ ልጆች ግቢውን ያምሱት ነበር። ከእነሱ አንዱ የሴትዮዋን የልጅ ልጅ ገጭቶት እግሩ ላይ ብረት ገብቶለታል፤ ሲሄድ ያነክስ ነበር። እናም አንድ ቀን ወንድሜ ልጅ ጭኖ ሲመለስ፣ አንቲ በቤት ጫማቸው ወጥተው መንገዱ መሀል ቆሙ። ወንድሜ ፍሬን ያዘ። አልተቆጡም።

«ልጅህ ሕፃን ነው» አሉት ከመኪናዋ ጎን ሲራመድ የነበረውን አባቴን። «ሕፃን እዚህ አስፋልት ላይ ሲጮህ ሰምቻለሁ። ሁለተኛ መስማት አልችልም።»

አባቴ ፍጥነቷን እንዳሰራት፣ አጠገቡ እየተራመደ እንደሚጠብቀው በተሰባበረ እንግሊዝኛው አስረዳ። እሳቸው እምቢ በማለት ራሳቸውን ወዘወዙ። ወንድሜ መሪውን እንደያዘ ተራ በተራ ያያቸው ነበር።

ነገሩን ነዋሪው ይወስን ተባለና በግቢው አዳራሽ ስብሰባ ተጠራ። አዳራሹ የወለል ሰምና የተረሳ ሻይ ይሸታል። ወንድሜ በዊልቸሩ ፊት ለፊት ተቀመጠ፤ ከአጠገቡ እኔ፤ አባቴ ቋንቋ ሲያጥረው እንድረዳው። አንዱ፣ «ልጁ ከቤት የሚወጣበት ሌላ ምን አለው? ይንዳ» አለ። ሌላዋ ተነሳችና፣ «ለእሱ ከፈቀድን ነገ ባለሞተሮቹ ለእኛስ ቢሉ ምን ብለን እንመልሳለን?» አለች። እውነቷን ነበር። ከኋላ አንድ ሽማግሌ፣ በደግነት፣ ፈገግ እያሉ፣

«ምን ያጣድፋል? ሲያድግ ይነዳ የለ?» አሉ።

ሁሉም በመስማማት ራሱን ነቀነቀ። ሲያድግ ይነዳል። ወንድሜ በአስራ ስድስት ዓመቱ፣ ቀዝቃዛ የካቲት ላይ፣ ሳንባው ደክሞ ሞተ። ያን ጊዜ ግን ይህን ማንም አያውቅም፤ የምናውቀው ሌላ ነገር ነበር። ከስብሰባው ጥቂት ወራት በፊት ሆስፒታል አስተርጓሚው ቀርቶ፣ ለእናቴ የተረጎምኩላት እኔ ነኝ። ሐኪሟ ድምጿን ዝቅ አድርጋ አስረዳችኝ። ቃሉን በአማርኛ እስካገኘው ድረስ እናቴ አፍ አፌን ታየኝ ነበር። «እጁም እንደ እግሩ ይሆናል» አልኳት። እጄን ጨብጣ አልለቅ አለች። ለወንድሜ አንዳችንም አልነገርነውም። አባቴ፣ «ልጅ ነው። እጁ እስኪከዳው ድረስ እጁን ይመነው» ብሎ ነበር።

አዳራሹ ውስጥ አባቴ ተነሳ። ኮፍያውን በእጁ እያሻሸ በአማርኛ፣ «መጠበቅ አይችልም በያቸው» አለኝ።

አልኳቸው።

«ለምን?» አሉ ሰብሳቢው።

አባቴ አፉን ከፈተ። ከዚያ ዓይኑ ወንድሜ ላይ ወደቀ። ወንድሜ አንገቱን አቅንቶ እያዳመጠ ነበር። አንዲት ዓረፍተ ነገር ብቻ ነበረች የቀረችን፤ እኔም በእንግሊዝኛ አፌ ላይ ይዣታለሁ። ብናገራት ያ አዳራሽ ሙሉ ለእኛ እጁን ያወጣ ነበር፤ አንቲም ጭምር። አባቴ አየኝና ቀስ ብሎ ራሱን ወዘወዘ።

«ልጅ ስለሆነ ነው፣ ቸኩሎ ነው በያቸው» አለኝ።

ተረጎምኩ። ሰዎቹ ሳቁ፤ ክፉ ሳቅ አልነበረም። ከዚያ እጅ ወጣ፤ ተሸነፍን።

ፓርክ ውስጥ ሞክረን ነበር፤ ጠባቂው አስወጣን። መኪናዋ ጋራዥ ገባች። አባቴ ባትሪዋ እንዳይሞት እየወረደ ቻርጅ ያደርጋታል። ወንድሜ መጀመሪያ «መቼ ነው?» ይል ነበር፤ በኋላ ተወው። በሚቀጥለው ዓመት ብርጭቆ በአንድ እጁ ማንሳት አቃተው፤ በሁለት ያነሳ ጀመር። ከዚያ ክርኑን ጠረጴዛ ላይ ካላስደገፈ ማንኪያ አፉ አይደርስም። በሁለተኛው ዓመት የማጎርሰው እኔ ሆንኩ። እየጎረሰ ይቀልድብኛል፤ «አፍንጫዬ እዚህ ነው፣ አፌ እዚያ ነው» ይለኛል።

አንድ ቀን ከታች ሊፍት ስንጠብቅ አንቲ የልጅ ልጃቸውን ይዘው መጡ። ወንድሜ ቅንድቡን በላውና «ሲስ፣ እከኪልኝ» አለኝ። አከክሁለት። አንቲ እጁን አዩ፤ ጭኑ ላይ እንደ ጓንት ተዘርግቶ ነበር። ወደ እኔ አዩ። ሊፍቱም መጥቶ ሳይገቡ ቀሩ።

ከዚያ በኋላ ባበጠ ጉልበታቸው ፎቅ ለፎቅ እየወጡ እያንዳንዱን በር እንዳንኳኩ የሰማነው ከጎረቤት ነው። ቅዳሜ እኛም በር ላይ ቆሙ። ላብ ግንባራቸው ላይ ነበር።

«ሁሉም እሺ ብሏል» አሉ። «ነገ ጠዋት መንገዱን እኔ ራሴ እዘጋለሁ። ልጁ ይንዳ።»

አባቴ ጎንበስ ብሎ አመሰገናቸው። እጁ አሁን መሪ መያዝ እንደማይችል ማን ይንገራቸው? ወንድሜ ከውስጥ፣ «ቴንክ ዩ፣ አንቲ!» አለ። ሲሄዱ፣

«የግድ መንዳት የለብህም እኮ» አልኩት።

«ያን ሁሉ ደረጃ ወጥተውልኝ? እንዴት ነው እምቢ የምላቸው?» አለኝ።

እሑድ ጠዋት ብርሃኑ ዝቅ ብሎ ከፎቆቹ መሀል ይገባ ነበር። አባቴ አቅፎ አስቀመጠው፤ ከብዶትም ነበር። በቀበቶ ደረቱ ድረስ አሰረው። እጆቹን አንድ በአንድ አንስቶ መሪው ላይ አኖራቸው፤ ጣቶቹን አጠፈለት። እኔ ከጎኑ ተቀመጥኩና መሪውን ከሥሩ በአንድ እጄ ያዝኩ፤ በሌላው ዘንጉን ተጫንኩ። መኪናዋ ሄደች። ሰው በረንዳ ላይ ወጥቶ ነበር። አንቲ የቤተ ክርስቲያን ልብሳቸውን ለብሰው፣ ሁለት እጃቸውን ዘርግተው መንገዱ አፍ ላይ ቆመዋል፤ የልጅ ልጃቸው ከጎናቸው። ሰው ሁሉ አጨበጨበ። «ጎ ኦን፣ ድራይቨር!» አለ አንድ ልጅ፤ ልጁ ጎርምሶ ድምፁ ወፍሮ ነበር።

ስንዞር የወንድሜ ግራ እጅ ተንሸራቶ ወደቀ። አነሳሁና መለስኩት። እንደገና ወደቀ። ከላይ አይታይም። እሱ ዓይኑን ከመንገዱ አላነሳም፤ ከንፈሩን ሳያንቀሳቅስ፣ «ቀስ በይ፣ ጥግ አለ» አለኝ። ስንመለስ አንቲ መጥተው ጉንጩን ሳሙት። «እንዴት አድርገህ ነው የምትነዳው!» አሉት፤ እያለቀሱ። እሱም ደስ ብሎት ፈገግ አለላቸው።

ሊፍት ውስጥ ሦስታችን ብቻ ነበርን። ሊፍቱ አሮጌ ነበርና እየተንገጫገጨ ይወጣል። ወንድሜ ወደ በሩ እያየ፣

«ያኔ አዳራሹ ውስጥ» አለ፣ «ስለ እጄ ለምን አልነገራችኋቸውም? እሺ ይሉ ነበር።»

አባቴ ዞረ።

«ታውቅ ነበር እንዴ?»

«የኔ እጅ እኮ ነው፣ አባዬ» አለ ወንድሜ።

አላመረረም። የት እንደሚወርድ ለጠየቀው ሰው መንገድ የሚያሳይ ነበር የሚመስለው። አባቴ ግንባሩን የሊፍቱ ግድግዳ ላይ አስደገፈ። እኔ የዊልቸሩን እጀታ ጨብጬ ቁጥሮቹ ሲበሩና ሲጠፉ አየሁ።

በሩ ሲከፈት እናቴ ነጠላዋን አጣፍታ ኮሪደሩ ላይ ቆማለች። ከጠዋት ጀምሮ መስኮት አጠገብ አልደረሰችም ነበር። ወንድሜን ገፍቼ አወጣሁት።

«ነዳህ?» አለችው።

«ነዳሁ፣ ማሚ» አላት። «ዙሪያውን።»

እናቴ እልልታዋን አቀለጠችው። ኮሪደሩ አስተጋባ፤ ጎረቤት በሩን እየከፈተ ብቅ አለ። ተንበርክካ ጭኑ ላይ የተዘረጉትን እጆቹን አንስታ እየደጋገመች ሳመቻቸው፣ «እጅህ ይባረክ፣ እጅህ ይባረክ» እያለች። አባቴን ልጠራው ዞርኩ። ከሊፍቱ አልወጣም ነበር። በሩ ተዘጋና ይዞት ወረደ።